ፎርሙን ለራሴ መልሱ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር ለሥራ ተፈትና ወደቀች። በዚህ ከተማ ለሥራ ተፈትኖ መውደቅ ብርቅ ስላልሆነ፣ የወደቀችበትን ጥያቄ ባትነግረኝ ኖሮ ለዚህ አምድ የሚበቃ ጉዳይ ነው ብዬ አላነሳውም ነበር።

ማለፊያው 60 ነው። እሷ ያመጣችው 59። ልጅቷ ደግሞ የተባለችውን ተቀብላ ቤቷ የምትገባ ዓይነት አይደለችም (በዚህ በእናቷ ወጥታለች)፤ «ወረቀቴን ካላየሁ አልሄድም» ብላ ኮሪደር ላይ ቆመች። አንዲት ደግ ጸሐፊ አዝና አሳየቻት። ከእንግሊዝኛው ክፍል አንዷ ጥያቄ ላይ ቀይ ኤክስ ተሰምሮባታል። ጥያቄዋን መዳፏ ላይ ገልብጣ ማታ እኔ ቤት መጣች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ሥራልኝ» አለችኝ መዳፏን ዘርግታ።

ዐረፍተ ነገሩ ይሄ ነው፦ «ፕሊዝ ሪተርን ዘ ፎርም ቱ አቶ እገሌ ኦር...»፤ ከዚያ ክፍት ቦታ። ምርጫዎቹ አራት ናቸው። «አይ»፣ «ሚ»፣ «ማይን»፣ «ማይሰልፍ»።

«"ሚ" ነዋ» አልኳት።

«እኔም እንደሱ ነው ያልኩት። ትክክለኛው "ማይሰልፍ" ነው ተብሏል።»

እኔ የሰው እንግሊዝኛ እያረምኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ሪፖርት፣ ፕሮፖዛል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ምን አለፋችሁ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዣለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደ «ማይሰልፍ» የሰረዝኩት ቃል የለም። ስሰርዘው ግን የጻፈውን ሰው አንድም ቀን ከእንጀራው አስነስቼው አላውቅም። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ልክ የጻፈችው ተሰርዛ፣ ያልሆነውን የጻፈው ሊቀጠር ነው። ማግስቱን ልብሴን ቀይሬ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ።

የሰው ኃይል ኃላፊው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ፣ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ፈገግ ብለው «ጌታዬ፣ "ሚ" እኮ የሰፈር እንግሊዝኛ ነው። በደብዳቤ ላይ አይገባም። "ማይሰልፍ" ፎርማል ነው፤ ትሕትናም አለው» አሉኝ። ማስረጃ እንዲሆነኝም አንድ ክላሰር ከመደርደሪያ አውርደው ገለጡልኝ። ከበላይ የመጣ፣ ከበታች የመጣ፣ ከጎን የመጣ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻው ላይ «ለማንኛውም ማብራሪያ አቶ እገሌን ወይም ማይሰልፍን ያነጋግሩ» ይላል። አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ፣ ክላሰሩ በሙሉ ማይሰልፍ ሆኗል። ኃላፊው እንግዲህ ቋንቋውን የተማሩት ከዚህ ክላሰር ነው። የፈተናውን መልስም ያወጡት ከዚሁ ነው።

አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «እርስዎ በአማርኛ "ፎርሙን ለአቶ እገሌ ወይም ለራሴ መልሱ" ብለው ይጽፋሉ?»

ሳቁ። «እንዴት ተደርጎ!»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

«"ለእኔ" ነዋ።»

ጉዳዩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። «ኧረ እንግሊዝኛና አማርኛ የተለያየ ነው» ብለው ክላሰሩን ከደኑት።

ዛሬ የምሟገተው ይቺን ዐረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛና አማርኛ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ እዚህ ላይ ግን አንድ ናቸው። ኃላፊው ጆሯቸውን ቢያምኑት ኖሮ ልጅቷ ዛሬ ሥራ ላይ ነበረች።

ፈረንጆቹ ሪፍሌክሲቭ ፕሮናውን የሚሉት ነገር፣ ባለቤቱ ላይ ተመልሶ የሚያርፍ ተውላጠ ስም ማለት ነው። ሕጉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ድርጊቱን የሠራውና ድርጊቱ ያረፈበት አንድ ሰው ሲሆን «ሰልፍ» ይመጣል። «አይ ከት ማይሰልፍ» ሲል የቆረጠውም የተቆረጠውም ያው ሰውዬ ነው። ሁለተኛው ሥራው ማጥበቅ ነው፦ «አይ ሮት ኢት ማይሰልፍ»፣ ሌላ ሰው አልጻፈልኝም፣ እኔው ራሴ ጻፍኩት። «ባይ ማይሰልፍ» ደግሞ አለ፤ ለብቻዬ፣ ያለ ማንም እገዛ። በቃ። ለቢሮ ሥራ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ፎርሙ እንመለስ። መላሹ ማን ነው? «መልሱ» የተባላችሁት እናንተ ናችሁ። የሚቀበለው ማን ነው? እኔ። ሁለት ሰው ነው፤ ተመልሶ የሚያርፍ ነገር የለም። የሚጠራጠር ካለ አቶ እገሌን ከመሐል ያውጣቸው። «ፕሊዝ ሪተርን ዘ ፎርም ቱ ማይሰልፍ» የሚል ሰው ክላሰሩ ውስጥ ራሱ አይገኝም። ብቻውን ሲሆን ሁሉም «ቱ ሚ» ይላል። አቶ እገሌ ከጎኑ ሲቆሙ ነው «ሚ» የሚያፍረው።

ለምን ያፍራል? እኔ በበኩሌ ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛው የፈረንጆቹም በሽታ ነው። ልጆቻቸው «ሚ ኤንድ ማይ ፍሬንድ» እያሉ ሲያወሩ ትምህርት ቤት ይቆጧቸዋል፤ ልጁ ካደገ በኋላ «ሚ» የምትባለዋ ቃል ባለችበት ሁሉ ወንጀል ያለ ይመስለዋል። «አይ» ልበል ቢል ያም አይሆንም። ስለዚህ ከሁለቱም ሸሽቶ «ማይሰልፍ» ውስጥ ይደበቃል። ሁለተኛው የኛው ነው። አጭር ቃል ያልተማረ፣ ረጅም ቃል የተማረ ይመስለናል። «ዩዝ» እያለ «ዩቲላይዝ» እንላለን፣ «ባይ» እያለ «ፐርቼዝ» እንላለን። «ማይሰልፍ» ማለት ከረባት ያሰረ «ሚ» ነው። ከረባቱ ግን ፒጃማ ላይ ነው የታሰረው።

እዚህ ላይ የኛን «ራስ» ትንሽ ልናገርለት፤ ነገሩ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ግዕዙ ሁለቱን ሥራ ለሁለት ቃል ነበር የከፈለው። ቅኔ ቤት ያለፈ ያውቀዋል። ለማጥበቅ ሲፈልግ «ለልየ»፣ «ለሊከ»፣ «ለሊሁ» ይላል፤ ድርጊቱ ተመልሶ ባለቤቱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ «ርእስ»ን ወይም «ነፍስ»ን ከዝርዝር ጋር ያመጣል። አማርኛችን ሁለቱንም ጠቅልሎ ለ«ራስ» ሰጠው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ሁለቱንም ለ«ሰልፍ» ሰጠው። ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው እንግሊዝኛ «ሰልፍ»ን በአብዛኛው ለማጥበቅ ነበር የሚጠቀምበት፤ «ራሱን መታ» ለማለት «እሱን መታ» ይል ነበር አሉ፣ ማን ማንን እንደመታ ሰሚው ይወቅ። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ መንገድ ሄዱ ማለት ነው። ስለዚህ አማርኛ ለሚናገር ሰው «ሰልፍ» ባዳ አይደለም።

የሚያደናግሩን ጥቂት ቦታዎች ግን አሉ። እኛ «ራሴ መጣሁ» እንላለን፤ «እኔ»ን አንጨምርም፣ «ሁ» የምትለዋ ፊደል ግሱ ላይ ተለጥፋ «እኔ ነኝ» ስለምትል። የእንግሊዝኛው «ኬም» እንዲህ ያለ ጭራ የለውም። መጣሁም፣ መጣህም፣ መጣችም ያው «ኬም» ነው። ስለዚህ «ማይሰልፍ ኬም» ብለን ስንጽፍ ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ይሆናል፤ «አይ ኬም ማይሰልፍ» ማለት ነበረብን። ይሄ ስሕተት ከስንፍና አይደለም፣ ከአማርኛው የግስ ሀብት የመጣ ነው። መምህር ሲያገኘው በቀይ ከመግረፍ ይልቅ ቢያስረዳው በአንድ ክፍለ ጊዜ ይድናል።

«ተ» የምትባለዋም አለች። እኛ ታጠብኩ፣ ተላጨሁ፣ ተዘጋጀሁ፣ ተዝናናሁ ስንል «ራሴን» አያስፈልገንም፤ «ተ»ዋ ሥራውን ጨርሳዋለች። እንግሊዝኛም ለመታጠብ፣ ለመላጨትና ለመዘጋጀት «ሰልፍ» ባይጨመርለት አይቆጣም። «ኢንጆይ» ላይ ሲደርስ ግን ይቆጣል። «ዌ ኢንጆይድ» ብሎ ማቆም «በላን ጠጣን» ሳይሆን «ወደድን...» ብሎ ዝም እንደማለት ነው፤ ምኑን? «ዌ ኢንጆይድ አወርሰልቭስ» ነው የሚባለው። ስንት የሠርግ ምስጋና ካርድ እንዲህ ሳይጨርስ እንደቀረ እኔ አውቃለሁ።

ደግሞ «ራስ» ራስ ነው። ራሴን አመመኝ፣ ራሱን ሳተ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ራሱን ቻለ። የቱ ጭንቅላት እንደሆነ የቱ ሰውዬው እንደሆነ እኛ ሳንጠየቅ እናውቃለን። ልጅ ሆኜ የክፍል ጓደኛዬ ፈቃድ ሲጠይቅ «ማይሰልፍ ኢዝ ሲክ» ብሎ መምህራችንን ያሳቃቸው ትዝ ይለኛል። ራሴን አሞኛል ማለቱ ነበር። መምህሩ ስቀው ሲያበቁ ወደ ቤቱ ላኩት፤ ነጥብ አልቀነሱበትም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው። «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርሳቸው»፣ «እርስዎ» የምንላቸው ቃላት ከዚያው ከ«ርእስ» የወጡ ናቸው። «ርእሱ» ነው «እርሱ» የሆነው። አንድን ትልቅ ሰው «እርስዎ» ባልን ቁጥር፣ ሥሩን ከቆፈርነው፣ «ራስዎ» እያልነው ነው። አየርላንዶችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ የቤቱን ጌታ ወይም አለቃውን ስም ሳይጠሩ «ሂምሰልፍ» ይሉታል፣ እኛ «እሳቸው አሉ?» እንደምንለው። እንግዲህ ኃላፊው ከ«ማይሰልፍ» ላይ ክብር ክብር የሸተታቸው ከዚሁ የተነሣ ይሆን? ከሆነ ደግሞ ጉዱ ባሰ። አማርኛ በዚህ መንገድ ክብር የሰጠው ለሌላ ሰው ነው። «እርሱ» አለ፣ «እርስዎ» አለ፤ «እርሴ» ግን የለም። ነገሥታቱ እንኳ «እኛ» አሉ እንጂ «እርሴ» አላሉም። በደብዳቤ መጨረሻ ላይ «ማይሰልፍ» ብሎ መፈረም ትሕትና ነው የሚሉኝ ሰዎች፣ ያገራቸው ቋንቋ ራስን በዚህ ማዕረግ መጥራትን እንዳልፈቀደ ልብ ይበሉልኝ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ! ቋንቋ መግባቢያ ነው፤ ተግባባን አይደል እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሄን አባባል ስሰማ የሚታወሰኝ ታሪክ አለ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ድርጅት ገጠር ውስጥ ምርጥ ዘር ያከፋፍላል። የገበሬዎቹ ኮሚቴ ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም፣ አንዱ ላንዱ ሲያግዝ አድሮ ሥራውን በሁለት ቀን ጨረሰው። የፕሮጀክቱ ሠራተኛ በዚህ ተደስቶ በሪፖርቱ ላይ ሊያመሰግናቸው ፈለገ። በአማርኛ ያሰበው «የኮሚቴው አባላት በዘሩ ክፍፍል ወቅት ተረዳዱ» የሚል ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈው ግን «ሄልፕድ ዘምሰልቭስ» ሆነ። «ኢች አዘር» ማለት ሲገባው።

እንግሊዝኛ በሚያውቅ ሰው ዘንድ «ሄልፕድ ዘምሰልቭስ» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሳይፈቀድላቸው እያነሡ ወሰዱ ማለት ነው። ከውጭ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ የጎደለው ስንት ኩንታል ነው? ኮሚቴው ተጠራ። ሰዎቹ ምን እንዳጠፉ የሚነግራቸው የለም፤ ጠሪውም ራሱ አልገባውም። የሚቀጥለው ክፍያ ለሦስት ሳምንት ታገደ። እኔ ወረቀቱ ሲደርሰኝ ነው ነገሩ የተገለጠው፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ግን አንዲት ቃል ስንት ቤት አንኳኩታ እንደመጣች ሳስብ ሳቄ ቆመ። አማርኛ «ተረዱ» እና «ተረዳዱ»ን በአንድ «ዳ» ይለያል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ «ዘምሰልቭስ» እና «ኢች አዘር» ብሎ በሁለት ቃል ይለያል። ሁለቱም ይለያሉ። የማንለየው እኛ ነን።

ሌላም ጊዜ አንድ ቃለ ጉባኤ እጄ ገብቶ ነበር። ሁለት የሥራ ክፍሎች ስብሰባ ላይ በጥፋቱ ሲወቃቀሱ ውለዋል፤ ወረቀቱ ግን «ብሌምድ ዘምሰልቭስ» ይላል። ጥፋቱ የኛ ነው ብለው አመኑ ማለት ነው። በአገራችን ጥፋቴ ነው ብሎ ራሱን የሚወቅስ የሥራ ክፍል ቢገኝ እኔ ራሴ ሄጄ እጁን እስመው ነበር። ሰረዝኩትና «ኢች አዘር» አደረግሁት፤ ሲሰርዙ ያዘንኩበት ብቸኛው ጊዜ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ እኔ ነገር የማይለውጠውን ስሕተት አልፋለሁ። «ሂስሰልፍ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ለምሳሌ ከእንግሊዞቹ ይልቅ ሕግ አክባሪ ነው። «ማይ» ሰልፍ፣ «ዩር» ሰልፍ፣ «አወር» ሰልቭስ ካሉ በኋላ «ሂስ» ሰልፍ ማለት ሲገባቸው በድንገት «ሂም» ሰልፍ ያሉት እነሱ ናቸው፤ በገዛ አገራቸው ያሉ የገጠር ሰዎችም «ሂስሰልፍ» ይላሉ። እርማት ይሰጠው፣ ይለፍ። ነገር የሚለውጠውን ግን አላልፍም።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል። «እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ ራሳቸው ቢሯቸው ውስጥ "ማይሰልፍ" እያሉ ይጽፋሉ፤ አንተ ከባለቤቱ በላይ ማን ሆነህ ነው?» እውነት ነው፣ ይጽፋሉ። ትልልቅ ደራስያኖቻቸውም በየዘመኑ ጽፈውታል፤ መዝገበ ቃላቶቻቸውም ይመዘግቡታል፤ የሰዋስው ሰዎቻቸውም ይጨቃጨቁበታል። እኔ ስታርም በሕይወቴ ያሳለፍኩት ስለሆነ ጭቅጭቁን ከማንም የተሻለ አውቀዋለሁ። ይሄ ክርክር ግን ለኃላፊው አይረዳቸውም። ቢበዛ ቢበዛ «ማይሰልፍም ይታለፋል» የሚል ነው የሚወጣው። «ሚ» ስሕተት ነው የሚል አንድም የሰዋስው መጽሐፍ የለም። ልጅቷ ያከበበችው ማንም የማይጨቃጨቅበትን መልስ ነው፤ የተቀነሰባት ለሚያጨቃጭቀው ሲባል ነው።

ነገሬ ወደዚህ ነው የሚሄደው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት አደረገው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእሱ ነው የሚጠየቀው። በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገሩ በሙሉ ራሱን ያዘ። ያን ጊዜ ሁሉም ጣቱን ልጆቹ ላይ ቀሰረ። አያነቡም፣ ስልክ ላይ ናቸው፣ እንግሊዝኛ አይችሉም። ይሁን። የፈታኙንስ እንግሊዝኛ ማን ፈተነው? በየመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ የሚያወጣው፣ መልሱን የሚያዘጋጀው፣ በቀይ የሚሰርዘው ሰው ከክላሰር ሌላ ምን አንብቧል?

እንግሊዝኛ ለኛ ወንፊት ሆኗል። ማንን እናስገባ፣ ማንን እናስቀር ለማለት የምንነፋበት። ወንፊት መኖሩ አያናድደኝም፤ ለመቶ ቦታ አምስት ሺህ ሰው ሲመጣ አንድ ነገር መንፋት አለበት። የሚያናድደኝ ወንፊቱ ተቀዶ ፍሬውን እየጣለ ገለባውን ሲይዝ፣ ነፊው ደግሞ ቀዳዳውን አሳየኝ ስትሉት «ይሄ ፎርማል ነው» ሲላችሁ ነው። ልጅቷ ያመለከተችበት ሥራ የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ መያዝ ነው። ዕቃውን የሚያስገባው አማርኛ ተናጋሪ፣ የሚያወጣው አማርኛ ተናጋሪ። ክላሰሩ ውስጥ ካየኋቸው ደብዳቤዎች አንዱም ለፈረንጅ የተጻፈ አልነበረም፤ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ አንደኛ ፎቅ የወረደ ነው። «ለእኔ መልሱልኝ» ብሎ በሦስት ሴኮንድ የሚያልቀውን ነገር፣ ሁለቱም በማይመቻቸው ቋንቋ አንዱ ተሳስቶ ይጽፈዋል፣ ሌላው ተሳስቶ ይረዳዋል። በእንግሊዝኛ ጻፉ ካላችሁ ልክ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ልክ መጻፍ ካልቻላችሁ ልክ በጻፈ ሰው ላይ አትፍረዱ።

ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ገጽ ማመልከቻ በአማርኛ ጻፍኩ። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው፦ የዚያች ጥያቄ መልስ እንዲታረም፣ በእሷ ምክንያት ነጥብ ያጣ ተፈታኝ ሁሉ ወረቀቱ እንደገና እንዲታይ፣ ከእንግዲህም ተፈታኝ ወረቀቱን ማየት እንዲችል። የእህቴ ልጅ ብቻ እንድትገባ አልጠየቅኩም፤ ያን ብጠይቅ ምናልባት ቀሎኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው። ጉዳዩ እየታየ ነው ይላል፤ ለተጨማሪ ማብራሪያ የሰው ኃይል ክፍሉን ወይም ማይሰልፍን አነጋግር ይላል።

ደብዳቤውን ለልጅቷ አሳየኋት። አነበበችና አልሳቀችም። በሚመጣው ማክሰኞ ሌላ መሥሪያ ቤት ትፈተናለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እዚያም ያቺ ጥያቄ ብትመጣ የቱን ላክብብ?»

ሰኞ ማታ እደውልልሻለሁ ብያታለሁ።